ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ያልተለየን የደጀኑ መካኒክ

በደጀን ከተማ፣ መንገዱ ከዓባይ ሸለቆ ወጥቶ ሜዳውን በሚይዝበት አካባቢ፣ ሰሌዳ እንኳ ያልተሰቀለበት አንድ አነስተኛ ጋራዥ አለ። በጥር 2012 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ ዐሥራ አራት ሆነን በሦስት ላንድ ክሩዘር ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በጎጃም ባለው በጮቄ ተራራ ላይ አራት ሌሊት በድንኳን ለማደር ስንጓዝ ሁለት ጊዜ መኪና ተበላሽቶብን ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከችግር ያወጡን የዚሁ ጋራዥ ባለቤት ናቸው። ይህን የጻፍሁት ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ነገሩ ሳይረሳኝ፣ የወደድሁትንም ቅር ያለኝንም በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ እስከ ደጀን ያለው መንገድ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለመኪና ግን ከባድ ፈተና ነው። ወደ 2500 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ላይ እስካለው ድልድይ ድረስ ይወርድና፣ ወዲያው ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬኑን ያግላል፣ ዳገቱ ሞተሩን ያግላል፣ የበረሃው ሙቀት ደግሞ በሁለቱም ላይ ይጨመራል። የእኛ ሁለተኛ መኪና ጭነት የበዛበት ነበር። ድልድዩን ተሻግሮ የዳገቱን ግማሽ ካለፈ በኋላ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ፤ ሾፌሩ ዳር ለመያዝ ሲሞክርም ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ፣ መካኒኮች ማኒኮቶ የሚሉት፣ አንገቱ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቆ ነበር።

የቆምነው ከመታጠፊያ ብዙም ሳንርቅ ሲሆን፣ ጭነት የያዙ ከባድ መኪናዎች እያቃሰቱ በአጠገባችን ያልፉ ነበር። ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ አስደግፈን፣ ከላይና ከታች ቅጠልና ድንጋይ ደርድረን ሰዎቹን ከመንገዱ ውጭ አስቀመጥን። የመካኒኩን ስልክ የሰጠን ቆሞ የጠየቀን የአንድ ጭነት መኪና ረዳት ነው። እኔ ደውዬ ስለ መኪናው ሞዴል ማስረዳት ስጀምር አቋርጠውኝ፣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰዉ ደኅና ነው? መኪናው መታጠፊያ ላይ ነው የቆመው?» አሉኝ። ቀጥለውም እርሳቸው እስኪደርሱ ድረስ የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይነካ፣ ቀዝቃዛ ውኃም እንዳይጨመር አዘዙ። ከመካከላችን አንዱ በዚያች ደቂቃ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ ክዳኑን ሊፈታ ተዘጋጅቶ ነበር። በግፊት የታመቀ የፈላ ውኃ ክዳኑ ሲላላ ፊት ላይ እንደሚፈነዳ፣ በጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውኃም ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሊሰነጥቅ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በስልክ ማግኘታችን፣ በእኔ ግምት፣ ከጥገናው ሁሉ የበለጠ ነበር።

በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ በሞተር ብስክሌት መጡ። ከኋላቸው ባለው ማዳበሪያ ውስጥ መጠናቸው የተለያየ አራት ቱቦዎች፣ ሁለት ክዳኖችና የመፍቻ ዕቃዎቻቸው ነበሩ፤ ምን እንደሚያስፈልግ በስልክ ከነገርናቸው በላይ አስበው ነው የመጡት። ቱቦውን ለመቀየር ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን እኔ ብዙ ጋራዦች ውስጥ አይቼው አላውቅም። ውኃ ሞልተው «ሂዱ» በማለት ፈንታ አሮጌውን ክዳን በመዳፋቸው ላይ ገልብጠው፣ ሞላውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ተጫኑት። ሞላው በዝገት ተይዞ ንቅንቅ አይልም ነበር። «ቱቦው አርጅቷል፤ ያፈነዳው ግን ይህ ነው። ሲበዛበት መልቀቅ ነበረበት፣ አልለቀቀም» ብለው ክዳኑን ለእያንዳንዳችን በየተራ እያስነኩ አሳዩን። ቱቦው ብቻ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ አዲሱም ጮቄ ሳንደርስ በዚያው ግፊት በተጎዳ ነበር።

አንዱ ሾፌራችን ክዳኑን ላላ አድርጎ መጓዝ እንደሚቻል፣ እርሱም ብዙ ጊዜ እንዳደረገው ሲናገር በትዕግሥት ሰምተው፣ ደጋ ላይ ውኃ ቶሎ እንደሚፈላና ላላ ያለ ክዳን ያንን እንደሚያብስ አስረዱት። ነገሩ እውነት ነው፤ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ 4000 ሜትር ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። በደንብ የሚገጥም ክዳን በራዲያተሩ ውስጥ ግፊት ጠብቆ የውኃውን መፍላት የሚያዘገየው ለዚህ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ከመነሣታቸው በፊት እኛ የደረደርነውን ድንጋይ ሁሉ ከአስፋልቱ ላይ ራሳቸው አነሡ። ጠግኖ ድንጋዩን በትኖ መሄድ በየመንገዳችን የተለመደ ክፉ ልማድ በመሆኑ፣ በሌሊት የሚመጣውን ሾፌር ያሰበ ሰው በማየቴ ልቤ ተነክቷል።

ደጀን እንደደረስን ሳንጠይቃቸው ሦስቱንም መኪናዎች ዞረው አዩ። የሦስተኛው መኪና ስኮርታ (መጠባበቂያ) ጎማ ነፋስ እንዳልነበረው ያወቅነው ያኔ ነው። ያከራየን ድርጅት ሁሉም ነገር መፈተሹን አረጋግጦልን ስለነበር እኛም አምነን ጎማውን አልነካነውም፤ ይህ የእኛም ጥፋት ነው። ጎሚስታው ዘንድ አስነፍተንና አስጠግነን፣ የትኖራንና ሉማሜን አልፈን ማታ ደብረ ማርቆስ ገባን።

ሁለተኛው ብልሽት በጮቄ ላይ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደረሰ። ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ በላይ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ ጅብራ የተባለው የደጋ ተክል በሚጀምርበት ከፍታ ሰፍረን ነበር። ሌሊቱን ድንኳኑ በአመዳይ ነጥቶ አድሯል። በዋዜማው ምሽት በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ የተሞላው መኪና ጠዋት ተነሥቶ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጠፋ፤ ደግሞም አልነሣ አለ። ስልክ አይሠራም። ባና የለበሱ አንድ አዛውንት ገበሬ ጭንቀታችንን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ስልክ የሚይዘው ከዚያች ጉብታ ላይ ነው» ብለው በበትራቸው አመለከቱን። እኔ ጉብታዋ ላይ ቆሜ፣ አንድ ጓደኛችን ከመካከል ሆኖ፣ ሾፌሩ ደግሞ ከመኪናው ዘንድ ሆኖ፣ የመካኒኩን ቃል እየተቀባበልን በድምፅ አሳለፍነው።

ትእዛዛቸው ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ነበር። መጀመሪያ ከናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ሥር ያለውን ማፍሰሻ አላልተን፣ የሚወርደውን በጠርሙስ እንድንቀበል አደረጉን። ጠርሙሱ ሲቆይ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ውኃ፣ ከላዩ ናፍጣ ሆኖ ተለየ። ቀጥሎ ማፍሰሻውን ዘግተን፣ ከፊልትሮው አናት ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመን እንድንጫን ነገሩን። «ከለሰለሰ አየር አለ ማለት ነው፤ ድንጋይ ሲሆንባችሁ አቁሙ» አሉ። ሾፌሩ እጁ በብርድ እየደነዘዘ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ተፈራርቆ ጫነው። ከአርባ ደቂቃ ድካም በኋላ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዶ፣ ጥቁር ጭስ አውጥቶ ተነሣ። ስለ ጭሱ ደንግጠን ስንጠይቃቸው፣ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር አየሩ በሳሳበት ከፍታ እንዲህ እንደሚያጨስና ጉልበቱም እንደሚቀንስ፣ ስለዚህ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን እንድንሄድ መከሩን። ለዚህ ሁሉ የስልክ እርዳታ ክፍያ አልጠየቁም። ስንመለስ ጋራዡ ዘንድ ቆመን ፊልትሮውን ቀየሩልን፤ የከፈልነው የፊልትሮውን ዋጋ ብቻ ነው።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። በበረሃው ውስጥ ሥራውን ሲጀምሩ ዋጋውን አልነገሩንም፤ እኛም በዚያ ጭንቀት አልጠየቅንም። በመጨረሻ የጠየቁት፣ መምጫቸውን ጨምሮ ለሥራው 900 ብር፣ ለቱቦውና ለክዳኑ 700 ብር፣ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አስቀድሞ ቢነገር ኖሮ ከመካከላችን አንዳንዶች ባልተጠራጠሩ ነበር። ደረሰኝ የላቸውም። ወጪውን ለዐሥራ አራት ለሚካፈል ቡድን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከኪራዩ ድርጅት ገንዘቡን ለማስመለስ የሞከርነውም በደረሰኝ እጦት ምክንያት ይህን እስከጻፍሁበት ጊዜ አልተሳካም። በደብተር ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲፈርሙ ብንጠይቃቸው ኖሮ እሺ ይሉን እንደነበር አሁን አስባለሁ።

የሥራቸው ወሰንም መታወቅ አለበት። የሚሠሩት ብቻቸውን ስለሆነ ወደ በረሃው በወረዱ ጊዜ ጋራዡ ይዘጋል። የሚያውቁት አሮጌዎቹን የናፍጣ ሞተሮች ነው፤ በኮምፒውተር ለሚመረመር አዲስ መኪና መሣሪያው እንደሌላቸው ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገራሉ። መኪና መጎተትም አይችሉም፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወይም ሞተሩ ለተነካበት ሰው የሚጎትት መኪና የሚያገኙት ከሌላ ነው።

በዚያ አቅጣጫ በቡድን የሚሄድ ሰው ከበረሃው ከወጣ በኋላ ደጀን ላይ አንድ ሰዓት መድቦ መኪናዎቹን እንዲያሳያቸው እመክራለሁ። ከእኛ ጉዞ በኋላ ሌላ የጓደኞቼ ቡድን ይህንኑ አድርጎ ለሦስት መኪና ፍተሻ 300 ብር ከፍሏል። መለዋወጫ ቱቦና የናፍጣ ፊልትሮ ከአዲስ አበባ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ እርሳቸው ዘንድ ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል። ጋራዡ እሑድና በዐበይት በዓላት ዝግ ነው፤ ስልካቸውን ግን ያነሣሉ።