ሳይክልን ባለ አንድ ማርሽ ለማድረግ፦ ባሕር ዳር ገበያ ያለችው የመለዋወጫ ሱቅ

መደርደሪያው በባጃጅ ዕቃ ተሞልቷል፤ የሳይክሉ ከታች በካርቶን ነው፣ አጎንብሶ መፈለግ ነው። ሽማግሌው ባለሱቅ ጎማውን ሳያዩ አይሸጡም። "ሞዞው የሚጠመዘዝ ነው ወይስ የሚሰካ? እሱን ሳላውቅ ምን ልስጥህ ልጄ?" አሉኝ፤ ሞዞ የሚሉት የኋላው ጥርስ የሚገጠምበትን የጎማውን መሃል ነው። ልክ ናቸው፤ ሁለቱ አይቀያየሩም። የኔው የሚጠመዘዝ ስለሆነ ባለ 18 ጥርስ ፍሪዊል (ሞዞው ላይ የሚጠመዘዘውን የኋላ ጥርስ) ሰጡኝ። የቻይና ነው፣ ግን ሲሽከረከር አይንገጫገጭም። ካቴናው ከፊተኛው ጥርስ ጋር ቀጥ እንዲል ከጀርባው ቀጭን ሮንዴላ አስገብተው በአንድ ዓይናቸው አነጣጥረው አዩት፤ ሌላ ቦታ ይህን የሚያደርግልኝ አላገኘሁም።

ዋጋው ትንሽ ወደድ ይላል፣ ካቴና መወጠሪያም የላቸውም። የኋላ ጎማው መግቢያ ወደ ታች የሆነ፣ ማለትም ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴናውን መወጠር የማይቻልበት ሳይክል ያላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ለሜዳው ከተማ አንድ ማርሽ ይበቃል፤ ቤዛዊት ዳገት ለምትመላለሱ ግን አልመክርም።