«ክሪስፕ» ሲጋራ፦ ሜንቶል የለውም ተብሎ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ፓኮ

ካሊፎርኒያ ከዲሴምበር 21 ቀን 2022 ጀምሮ ሜንቶል (ከናና የሚገኝ ማቀዝቀዣ ቅመም) ያለበት ሲጋራ በሱቅ እንዳይሸጥ አግዳለች። ወዲያው በባዶው መደርደሪያ ላይ የካሜል «ክሪስፕ» እና «ሜንቶል አልባ» የተባለው ኒውፖርት ተደረደሩ። ሁለቱም ሬይኖልድስ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ምርቶች ናቸው።

ፓኮው ሲከፈት የናና ሽታ አይወጣም። ሲጨስ ግን ጉሮሮ ይቀዘቅዛል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ተመራማሪዎች ያገኙት ደብሊው ኤስ-3 የተባለ ሠራሽ ማቀዝቀዣ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ነገር ግን ብርድን ወደ አንጎል የሚያስተላልፈውን ነርቭ ልክ እንደ ሜንቶል ይቀሰቅሰዋል። የመጀመሪያው ሕግ የከለከለው ከትምባሆ የተለየ «ጣዕም ወይም ሽታ» ስለነበር ቅዝቃዜው በዚያ ቀዳዳ ሾለከ። ብልጠቱን አለማድነቅ ይከብዳል፤ ምርቱ ግን የሚወደስ አይደለም። የሜንቶል ጉዳት ያለው በናናው ሽታ ሳይሆን በቅዝቃዜው ነው፤ የጭሱን ማቃጠል ስለሚሸፍን ጀማሪው ሳያስለው ወደ ውስጥ ይስባል፣ የለመደውም ማቆም ይከብደዋል። ታሩም ኒኮቲኑም እንዳለ ነው።

ሱቅ ወይም ጋዝ ስቴሽን ላላችሁ፦ በ2025 የጸናው ማሻሻያ የማቀዝቀዝ ስሜትንም እንደ ጣዕም ይቆጥራል። አከፋፋዩ «ሜንቶል የለበትም» ስላለ ብቻ አትረከቡ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሚያወጣው የጣዕም አልባ ምርቶች ዝርዝር ላይ የምርቱን ስም ከነዓይነቱ ፈልጉ፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ጣዕም እንዳለው ይቆጠራል። በ2022ቱ ሕግ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት 250 ዶላር ነበር፣ የሚከፍለውም ሻጩ እንጂ አጫሹ አይደለም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ «ለጥቁሮች የሚናገረው ማን ነው?» በሚለው ክርክር ውስጥ ሆን ተብሎ ይድበሰበሳል። ከሚያጨሱ ጥቁር አሜሪካውያን ከአሥሩ ስምንት የሚሆኑት ሜንቶል ነው የሚመርጡት፤ ኩባንያዎቹ ለአሥርተ ዓመታት በሰፈራቸው ነፃ ሲጋራ ሲያድሉ ኖረዋል። የሲቪል መብት ተሟጋቹ ሬቨረንድ አል ሻርፕተን እገዳው ፖሊስ በጥቁሮች ላይ እንዲበረታ ሰበብ ይሆናል ብለው ተከራከሩ። ፖሊስን መፍራቱ መሠረት አለው፤ ድርጅታቸው ከሬይኖልድስ ገንዘብ መቀበሉም የታወቀ ነው። ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ (NAACP) የተባለው አንጋፋ የጥቁሮች መብት ድርጅት በበኩሉ እገዳውን ደግፏል። ሕጉን ለማስቀረት ገንዘቡን ያፈሰሱት የትምባሆ ኩባንያዎቹ ነበሩ፣ መራጩ ግን በሕዝበ ውሳኔ 63 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸናው። በፌዴራል ደረጃ በ2022 የቀረበው ተመሳሳይ ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ በጃንዋሪ 2025 ተሰርዟል።

ሺሻን በተመለከተ የካሊፎርኒያ ሕግ ለየት ያለ በር ከፍቷል። አገር ቤት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻንም ይከለክላል፤ እዚህ ግን ፈቃድ ያለውና ከ21 ዓመት በታች የሆነን ሰው የማያስገባ የሺሻ ቤት ጣዕም ያለውን መሸጥ ይችላል። ተራ የሰፈር ሱቅ በዚህ በር አይገባም።