አዛውንት ቤታችሁ ካሉ ይህን በያጅ ጥሩት፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ ምስጋና

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለው፣ በርና መስኮት ይሠራል። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

የዶክትሬት ጥናቴ አረጋውያን ቤታቸው ውስጥ እንዳይወድቁ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ምን ሊረዳ ይችላል የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስልኩን ወደ ክፍሉ ስታዞሩት ካሜራው እውነተኛውን ቤት ያሳያል፣ በላዩ ላይ ደግሞ የሌለውን ይስልበታል። ከፍ ያለውን ደፍ በቀለም ያሰምርላችኋል፣ ገና ያልተሠራ መደገፊያ ብረትም በቦታው እንደቆመ አድርጎ ያሳያችኋል። ውጭ አገር ደግሞ ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የነርቭ በሽታ ያለባቸው ሰዎች እየተራመዱ ሳሉ እግራቸው ሲያዝባቸው፣ በመነጽር ወለሉ ላይ መስመር እያሳዩ ለማራመድ የሚሞክሩ ጥናቶች አሉ።

መውደቅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው በመውደቅ ይሞታል፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሞቱ የሚበዛው ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው። የተረፈውም ቢሆን ፍርሃት ይይዘዋል፣ ሲፈራ መንቀሳቀስ ይተዋል፣ እግሩ ይደክማል፣ ከዚያ መልሶ ይወድቃል።

ስልክ ግን ብረት አይተክልም። የሚተክል ሰው ስፈልግ ነው ይህን ባለሙያ ያገኘሁት።

የእናቴ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። መጀመሪያ ያናገርኳቸው ሰዎች "ግድግዳው ላይ በቡሎን እናስረዋለን" ነበር ያሉኝ። እሱ መጥቶ ግድግዳውን አንኳኳና "ይሄ ሰው ሲንጠለጠልበት ተገንጥሎ ይመጣል፣ እንዲህ አድርጌ አልሠራም" አለ። የመደገፊያውን እግሮች ከመሬት አስነሳቸው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ በኮንክሪት ቀበራቸው። ሥራ ለማግኘት ብሎ እሺ ቢለኝ ኖሮ ማን ያውቃል?

በስልኬ የብረቱን ምስል ደፉ አጠገብ አቁሜ ለእናቴ አሳየኋት። "ዝቅ አድርገው" አለች፣ አደረግሁ። ሽንት ቤቱ ጋ ግን ጨለማ ነው፣ ካሜራ ብርሃን ካላገኘ ወለሉን በደንብ አይለይም። እዚያ እሱ ሜትሩን አወጣ። "እማማ፣ እስቲ እንደ ልማድዎ ይቁሙ" ብሎ ከእጇ አንጓ እስከ መሬት ለካ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ቱቦ አስጨበጣት። ወፍራሙን ይዛ "የኔ ልጅ፣ ይቺ እጄን ትሞላለች፣ ጣቴ አይገጥምም" አለችው። ቀጭኑን ያዘች፣ ነቀነቀችው፣ "ይቺ ጥሩ ናት።" "የሚይዙት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ያሉት ይሆናል" አላት። ውጭ አገር ያሉ መመሪያዎች ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይላሉ፣ የሷም ምርጫ እዚያው ውስጥ ነው።

በጣም የወደድኩት ግን ቀጥሎ የሠራውን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ሌሊት ብረት በባዶ እጅ አይነካም። የማይነካ ብረት ደግሞ ማንም አይደገፍም። ሳንጠይቀው ብረቱን የጎማ ቱቦ አለበሰው። ጫፎቹንም ወደ ውስጥ አጥፎ በየዳቸው፣ ነጠላና ጋቢ ይዘው ሰው እንዳይጎትቱ። ደፉን ደግሞ ቢጫ ቀባልን። እናቴ መርቃው አልጠገበችም፣ አሁን ሌሊት ስትወጣ ማንንም አትቀሰቅስም።

ዋጋውን መጀመሪያ ላይ ተነጋገርን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ብር አልጨመረም። ዛሬ ነገ አይልም፣ ባለው ቀን መጣ። የቆፈረውን አፈርም ጠርጎ ነው የሄደው። እጁ ይባረክ፣ ክፉ አይንካው!

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ወላጆቻችሁ እዚህ ያሉ፣ ቁጥሩን እልክላችኋለሁ። የትራንስፖርቱን ከቻላችሁለት አንኮበርና ደብረ ሲናም ይሄዳል። ስትደውሉ ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ይዞት የሚመጣው ዕቃ ይለያያል። እናት ወይም አባትም የሚሠራበት ቀን ቤት ይሁኑ፣ ቁመታቸውን ሳይለካ ብረት አይቆርጥም።