ጂንባንክ፦ ክፍያ የማይጠየቅበት የዘረመል ጎተራ

የዘረመል ቅደም ተከተሎች የሚቀመጡበት ጂንባንክ የተባለው የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ የሚያስተዳድረው በሜሪላንድ የሚገኘው ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል ነው። ለመፈለግም ሆነ ለማውረድ ክፍያም ምዝገባም አይጠየቅም። ደንበኛ አይደላችሁም ተብሎ የመጽሔት ጽሑፍ ለተዘጋበት ተመራማሪ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

የአሠራሩን ጥራት ለማየት አንድ መዝገብ መክፈት ይበቃል። በመፈለጊያው ሳጥን ኤምኤን908947 የሚለውን መለያ ቁጥር ስናስገባ፣ ከዉሃን ታማሚ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ለሕዝብ ይፋ የሆነው የኮሮና ቫይረስ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተሉ፣ ይመጣል። ከላይ የላኪዎቹ ስምና የናሙናው ምንጭ፣ ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ጂን ተነሥቶ የሚያበቃበት ቦታ ይገኛል፤ ከሥር ቅደም ተከተሉ የተጻፈባቸው 29,903ቱ ፊደላት (ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ) በየመስመሩ 60 እየሆኑ፣ አሥር አሥር ተከፍለው ተደርድረዋል፤ ጭራው ላይ ኤ ብቻዋን ትደጋገማለች። ከመለያ ቁጥሩ ቀጥሎ ከነጥብ በኋላ ያለችው 3 ቅደም ተከተሉ ሁለት ጊዜ መሻሻሉን የምትናገር ስትሆን፣ የቀደሙት ቅጂዎችም ስላልተሰረዙ የትኛውን እንደተጠቀምን ለይተን መጥቀስ እንችላለን። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ይኸው ነው። በእንግሊዝና በጃፓን ያሉት አቻ ቋቶችም መረጃውን በየዕለቱ ከጂንባንክ ጋር ይለዋወጣሉ።

ሆኖም ጂንባንክ መዝገብ ቤት እንጂ ዳኛ አይደለም። ላኪው ለናሙናው የሰጠው የዝርያ ስም ቢሳሳት እንኳ፣ መዝገቡን ማረም በአብዛኛው የላኪው ድርሻ በመሆኑ ስሕተቱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ብላስት በተባለው የማዕከሉ መፈለጊያ ቅደም ተከተሉን ከቋቱ መዝገቦች ጋር የሚያነጻጽር ሰው ከላይ የመጣውን የመጀመሪያ ስም ይዞ ከመሮጥ ይልቅ፣ የማዕከሉ ባለሙያዎች ያበጠሩትን ሬፍሴቅ የተባለውን ስብስብ ጎን ለጎን ቢያይ ይሻለዋል።

ከቅደም ተከተል ማንበቢያ መሣሪያ የወጣውን ጥሬ ንባብ ማውረድ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት በመሆኑ፣ እኔ መስመሩ ጋብ የሚልበትን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ እጠብቃለሁ፤ በዚያም ላይ በድረ ገጹ ከመሞከር ፕሪፌች በተባለው መሣሪያ ማውረድ ይመረጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ በብዙ የቆዩ መዝገቦች ናሙናው የተሰበሰበበት ቦታ አለመጻፉ ነው። ጤፍ ለሚያጠና ሰው ዘሩ ከአድኣ ይሁን ከጎጃም ካልታወቀ፣ ፊደላቱ ሙሉ ቢሆኑም ከአየር ጠባይና ከአፈር ጋር ሊያያይዛቸው አይችልም።