አራት ነጥብና የእንግሊዝኛው ነጥብ
ሐዋሳ ውስጥ አንድ የሥራ ማመልከቻ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲተየብ፣ ስህተት ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ነው። የአራት ነጥብ ሥራው አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። የእንግሊዝኛው ነጥብ ግን ቃልም ያሳጥራል፣ አስርዮሽም ይለያል፣ ኢሜይል አድራሻ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በኢሜይል ካለቀ አድራሻው ኮፒ ሲደረግ መዝጊያው አብሮ ሊቀዳ ይችላል፤ አድራሻውን ለብቻው መስመር መስጠት ይሻላል። «ዶክተር» ሲያጥር አሜሪካኖች ነጥብ ያደርጋሉ፣ እንግሊዞች በአብዛኛው ይተዉታል፤ እኛ «ዶ/ር» ብለን በእዝባር እንጽፋለን።

ትልቁ ልዩነት ርዝመቱ ላይ ነው። «ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ሐዋሳ 2 ዓመት ሠርቼ፣ አሁን ሥራ እየፈለግሁ ነው።» አማርኛው በአንድ አራት ነጥብ ያምርበታል። እንግሊዝኛው ላይ ሦስት ሙሉ ሐሳቦችን በኮማ ብቻ ማያያዝ ስህተት ነው። በነጥብ ይለዩ፤ ከነጥቡ በፊት ክፍት ቦታ የለም፣ ከኋላው አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ትልቅ ፊደል።

አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ በመጫን መሥራት ግን ይቅር።