እናቴን የቤሪ ወይን ቀማሽ ላደረገልን ሹፌር ምስጋና (ሄልሲንኪና አካባቢው ላላችሁ)

ሰላም ወገኖች። ውለታ በልቶ ዝም ማለት ነውር ነውና ይቺን ልጽፍ ነው። ትንሽ ትረዝማለች። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ሄልሲንኪ፣ ኤስፖ፣ ቫንታ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት የምታስመጡ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ወላጅ አስመጥቶ የሚያውቅ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነው። ገበያ ትወስዳለህ፣ ባሕሩን ታሳያለህ፣ እሁድ ቅዳሴ አለ። ከዚያ በኋላ ግን አንተ ሥራ ትገባለህ፣ እነሱ መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። እናቴ ከባሕር ዳር መጥታ ገና ብዙም ሳትቆይ "ልጄ፣ ይሄ አገር ሰው የለውም እንዴ?" ብላኝ አረፈች። ምን ብዬ ልመልስ? ሰው አለ እማዬ፣ ዝም ብሎ ነው።

ያኔ ነው አንድ ጓደኛዬ ስለዚህ ሹፌር የነገረኝ። የኛው ልጅ ነው፣ ሐበሻ። የታክሲ ፈቃድ አለው፣ መኪናው ሰፋ ያለች ቫን ናት፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ አነስ ያሉ ቡድኖችን ይዞ ገጠር ያስጎበኛል። ፊንላንድኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅድ አደባባይ ላይ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ።

ስደውልለት "የቤሪ ወይን የሚሠሩበት እርሻ አለ፣ እዚያ ልውሰዳችሁ" አለኝ። ቤሪ እንግዲህ እነዚያ ትንንሾቹ የቁጥቋጦ ፍሬዎች ናቸው። እኔ መጀመሪያ አልጣመኝም። እናቴን ወይን ቤት? ግን ሰውዬው ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት የጠየቀኝን ስሙልኝ። "እናታችን ይጾማሉ? እንግዲያው ረቡዕና ዓርብን እንዝለል፣ ፍልሰታም ሳይገባ እንሂድ። ጉልበታቸውስ እንዴት ነው? ደረጃ ይወጣሉ? ከመሃላችሁ መጠጥ የማይነካ ሰው አለ?" ጎረቤታችን ከነልጆቿ አብራን ልትሄድ ነበር፣ ሙስሊም ናት። ነገርኩት። "ችግር የለም፣ ቀድሜ ደውዬ ጭማቂ አስዘጋጃለሁ" አለ። በቃ፣ እዚያው ላይ ቀጠሮ ያዝን። ባለፈው ዓመት በሌላ አስጎብኚ ሌላ ቦታ ሄደን እንደ ዕቃ ተጭነን ተራግፈን ነበር የተመለስነው። "አሥር ደቂቃ አላችሁ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ግቡ።" ስለዚህ ይሄ ጥያቄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

የሄድነው ወደ ሆሎላ ነው፣ ላህቲ አጠገብ። ከሄልሲንኪ ላህቲ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ብዙም አይሰለችም። ሹፌራችን ግን ቀጥታ ወይን ቤቱ አልወሰደንም። "መጀመሪያ እማማን ማርያም ላሳልማቸው" አለ። የሆሎላ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በማርያም ስም የተሠራ ነው፣ ዕድሜው 500 ዓመት ገደማ ነው፣ ቬሲያርቪ የሚባለው ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ለብቻው የቆመው የደወል ቤት የኤንግል ሥራ ነው፣ የሄልሲንኪን ነጩን ካቴድራል የነደፈው ሰውዬ። ዛሬ የሉተራኖች ነው እንግዲህ። እናቴ ግን ማርያም ማርያም ናት። ነጠላዋን አጣፋች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። እዚያ አገር ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ የለም። እኔ "እማዬ እዚህ አያስፈልግም" ልላት አፌን ስከፍት ሹፌራችን ቀደመኝ። ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ የራሱን የጫማ ክር ፈታ፣ ጫማውን ከሷ ጫማ ጎን አስቀመጠና በካልሲው ገባ። አንጀቴን ያራሰው ይሄ ነው። ውስጥ ከእንጨት የተቀረጹ የጥንት ምስሎች አሉ፣ እናቴ አንድ በአንድ እየዞረች ሳመች ማለት ይቻላል። በእጅ አይነኩም ስለተባለ በዓይኗ።

ከዚያ ወደ እርሻው። ቦታውን እሱ እንደ ወቅቱና እንደ ቀጠሮው ስለሚቀያይር የናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። የኛ የቤተሰብ እርሻ ነበር፤ ቀይ የእንጨት ቤት፣ ከኋላ የሄሩካ (በዘለላ የሚያፈራ ትንሽ ቤሪ ነው) ቁጥቋጦ በረድፍ በረድፍ፣ ከዚያ ደን። ወይኗን የምትሠራዋ ሴትዮ ራሷ ናት የተቀበለችን። ፊንላንዳዊ እንደሚሆነው ሰላም ብላ ዝም አለች።

እዚህ ጋ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ፊንላንድ እንደ ፈረንጆቹ ከ1919 እስከ 1932 መጠጥ ጨርሶ የከለከለች አገር ናት። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሽያጩን መንግሥት አልኮ በሚባለው የራሱ መጠጥ ቸርቻሪ በኩል ይዞታል። ዛሬም ከ8 በመቶ በላይ የሆነ ወይን ሱፐርማርኬት ውስጥ አታገኙም። የእርሻ ወይን ቤቶች ግን ልዩ ፈቃድ አላቸው፣ ራሳቸው የሠሩትን እስከ 13 በመቶ ድረስ እዚያው በራቸው ላይ መሸጥ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሰው ገጠር ድረስ ነድቶ የሚሄደው። እና ለዚህም ነው የማይጠጣ ሹፌር የሚያስፈልገው። በደም ውስጥ 0.5 ፐርሚል (ከሺህ ግማሽ) አልኮል ከተገኘ ወንጀል ነው፣ ፖሊሱ ደግሞ እሁድ ጠዋት ሳይቀር መንገድ ላይ ቆሞ ያስነፋል። የኛ ሰው፣ የእርሻው ባለቤት ራሷ "ትንሽ ቅመስ" ብላው እንኳ ብርጭቆውን በእጁ ከልሎ ውሃ ነው የጠየቀው።

ቅምሻው። ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደረደሩ። ለጎረቤታችንና ለልጆቹ ሹፌራችን ለብቻው ጠረጴዛ አስይዟል፣ ወይን ያልነካቸው ብርጭቆዎች ከኩሽና እንዲመጡላቸው አድርጓል፣ ማሰሮ ሙሉ የጥቁር ሄሩካ ጭማቂ ቀረበላቸው። ጎረቤታችን ሳትጠይቅ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። እናቴ ከጭማቂው ቀምሳ "ይሄማ ብርዝ ነው" አለች።

የወይኑ ተራ ሲደርስ ነገሩ ተገለበጠ። እናቴን ለማታውቁ፣ በሰፈራችን ሰርግ ካለ ጠጁን የምትጥለው እሷ ናት። ስለዚህ ቀማሽ ሆና አልተቀመጠችም፣ መርማሪ ሆና ነው። የነጭ ሄሩካውን አሽታ "ጌሾው የታል?" አለች። ሹፌራችን ተረጎመ። ሴትዮዋ ጌሾ ምን እንደሆነ አታውቅም። እዚህ ላይ ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን "ቅመም ነው" ብሎ ያልፋት ነበር። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ የጌሾ ቅጠልና እንጨት ፎቶ አሳያት፣ እንዴት እንደሚቀቀል እናቴን ጠየቀ፣ ለሴትዮዋ መለሰላት፣ እንደገና ጠየቀ። ያቺ ዝምተኛ ሴትዮ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማስታወሻ ደብተር አመጣች! የማሩንና የውሃውን መጠን፣ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ጋኑ በምን እንደሚታጠን፣ ሁሉንም ጻፈች።

በተራዋ ደግሞ እሷ አስረዳች። የቤሪ ጭማቂ አሲዱ ብዙ ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ውሃና ስኳር ይጨመርበታል፣ ከዚያ እርሾ። እናቴ ስኳር የሚለውን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች። እሷ ዘንድ ጠጅ ላይ ስኳር የሚጨምር ሰው ሌባ ነው። ሹፌራችን ይሄን ለሴትዮዋ እንዴት እንደተረጎመው እንጃ፣ ብቻ ሁለቱም ሳቁ።

በጣም የገረመኝ የፑኦሉካው ነገር ነው። ፑኦሉካ ያቺ ትንሿ ቀይ ቤሪ፣ ከስጋ ጋር የምትቀርበዋ ናት። በተፈጥሮዋ ቤንዞይክ አሲድ የሚባል ነገር አላት፣ ቶሎ እንዳትበላሽ የሚያደርጋት እሱ ነው። ድሮ ሰዎች ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ብቻ ክረምቱን ያሳልፏት ነበር። ግን ያው አሲድ እርሾውንም ያዳክመዋል፣ እንቢ ብሎ የሚቀመጥ ጥንስስ ይሆናል። ሴትዮዋ ጭማቂውን በውሃ ታቀጥነዋለች፣ እርሾውን ደግሞ ለብቻው አስነስታ፣ በደንብ ሲፈላ ነው የምትጨምረው። እናቴ ይሄን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፣ እንቢ ያለ ጥንስስ ምን እንደሆነ የምታውቅ ሰው ናትና። ጣዕሙን ግን አልወደደችውም። "መድኃኒት ነው" ብላ መለሰችው። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ኮምጣጣ ነው። የሙስቲካው፣ ማለትም የጫካው ብሉቤሪ፣ ይሻላል፤ ጠቆር ያለ፣ ለስለስ ያለ። ሱቅ ከምንገዛው ብሉቤሪ ጋር አንድ አይደለም፣ የጫካው እስከ ውስጡ ድረስ ቀለሙ ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፣ ጣትና ምላስ ያቀልማል።

መጨረሻ ላይ የላካው፣ ማለትም የክላውድቤሪው ወይን መጣ። ሹፌራችን ከኪሱ የሁለት ዩሮ ሳንቲም አውጥቶ እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። "እማማ፣ ይዩት፣ ይሄ ነው የሚቀምሱት።" እውነትም የፊንላንድ ሁለት ዩሮ ላይ ያለው ፍሬ ላካ ነው፤ ስንት ዓመት ስከፍልበት ልብ ብዬ አላውቅም። ላካ ረግረግ ላይ ነው የሚበቅለው፣ አንድ ግንድ አንድ ፍሬ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ወንዱና ሴቷ ተክል ለየብቻ ናቸው፣ ሲያብብ ውርጭ ከመታው የዚያ ዓመት ነገር አለቀ። ለዚህ ነው ውድ የሆነው። ወይኑ ወርቃማ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ሽታው ማር ማር ይላል። እናቴ አንዴ ጎንጨት አለች፣ ዝም አለች፣ ደግማ ጎንጨት አለች። "ይሄ በብርሌ ነበር እንጂ" አለች። ከሷ አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና አይወጣም።

ምሳውን ባጭሩ፦ የሳልሞን ሾርባ፣ ጥቁር ዳቦ፣ የሙስቲካ ኬክ። ጥሩ ነበር። ጥቁሩ ዳቦ ጥርስ ይፈትናል፣ ለትልልቅ ሰዎች ሾርባው ውስጥ ነከር አድርጉላቸው።

ከምሳ በኋላ ደን ገባን። እናቴ ደኑ አፍ ላይ ቆመች። "የሰው መሬት ላይ? አልገባም።" ሹፌራችን እንደገና በትዕግሥት አስረዳት፤ እዚህ አገር የዱር ቤሪ ማንም ሰው ከማንም ደን መልቀም ይችላል፣ የሰው ግቢና ማሳ ላይ ብቻ ነው የማይገባው፣ ለቅመህ ብትሸጠው እንኳ ግብር የለበትም። "ባለቤቱ ቢመጣስ?" "ቢመጣ ሰላም ይልዎታል እማማ።" ከመኪናው ኋላ ቦቲ ጫማ አወጣ፣ በሁላችንም ልክ አስቦ ነው የመጣው፣ ለልጆቹ ሳይቀር። ሱሪያችንን ካልሲ ውስጥ እንድንከት አደረገን፣ መዥገር ስላለ። ከዚያ ማበጠሪያ መሳይ ጥርስ ያለውን የመልቀሚያ ዕቃ ሰጣትና እንዴት እንደሚገፋ አሳያት። ከዚያ በኋላ እናቴን ከደኑ ማውጣት ነበር ችግሩ። ከጎረቤታችን ጋር ሆነው ባልዲ ሞሉ፣ ወሬያቸው ደኑን አልፎ መንገድ ድረስ ይሰማል። ሰው የለም ያለችው ሴትዮ።

ስለ ገንዘቡ፦ ከሕዝብ ትራንስፖርት ይወደዳል፣ አልዋሽም። ግን የሚነግራችሁ ዋጋ ለመኪናዋ ነው እንጂ በሰው አይደለም፣ አራትና አምስት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ምንም አይደለም። ቅምሻውንና ምሳውን እዚያው ለቤቱ ትከፍላላችሁ፣ እሱ መሃል ላይ ምንም አይጨምርም፣ ደረሰኝም ይሰጣል። ጠርሙስ ግዙ ብሎም አይጎተጉትም። እኛ የላካውን ገዛን፣ እሱ ግን እናቴን "በሻንጣ ነው የሚሄደው፣ በእጅ ቦርሳ አይሆንም፣ በልብስ ጠቅልለው መሃል ላይ ያድርጉት" ብሎ ነው የመከራት። አንድ ነገር ብቻ ቅሬታ አለኝ፤ መኪናው ውስጥ የሚያጫውታቸው ዘፈኖች ከኔ ዕድሜ ይበልጣሉ። እናቴ ግን ሁሉንም አብራ ዘፈነች፣ ስለዚህ ድምፄ አይቆጠርም።

ወንድማችን፣ ይሄን ካነበብከው፣ እጅህ ይባረክ። እናቴ ባሕር ዳር ሆና እስካሁን "ያ ልጅ እንዴት ነው?" ትለኛለች። የኔን ደኅንነት ከመጠየቋ በፊት።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ሐምሌ ላይ ቅዳሜዎቹ ቶሎ ይያዛሉ። ሙስቲካ መልቀም የምትፈልጉ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ሂዱ፣ ፑኦሉካ የምትፈልጉ እስከ ጳጉሜ አካባቢ ጠብቁ። ጾም፣ የማይጠጣ ሰው፣ የታመመ ጉልበት፣ ሕፃን ካለ ስትደውሉ ንገሩት፣ እሱ ያስተካክለዋል። የወባ ትንኝ መሳይዋ ትንኝ ወባ ባታመጣም ትነክሳለችና ረጅም እጅጌ ልበሱ። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።