ጠገራ ብር ወይስ የምኒልክ ብር? ለሰብሳቢ የቱ ያዋጣል

አሮጌ ብር እንደሚሰበስብ የታወቀ ሰው ከወዳጅ ዘመድ የሚቀርብለት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከአያቴ ሣጥን 1780 የሚል ጠገራ ብር ተገኘ፤ ስንት ያወጣል?» መልሱ ብዙ ጊዜ ያስከፋል። የሚያወጣው ውስጡ ያለውን ብር ያህል ነው፤ ከዚያም ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። የተሻለው ጥያቄ «ልገዛ ነበር፤ ጠገራውን ልያዝ ወይስ የምኒልክን?» የሚለው ነው። መልሱን ከፊት እናስቀድም፦ ለስብስብ የሚገዛው የምኒልክ ብር ነው። ጠገራ በብርነቱ ዋጋ ከተገኘ ይወሰድ፤ ካልተገኘ ይቅር።

1780 ዕድሜ አይደለም

በጠገራ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ገንዘቧ ግን በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ እጅግ ስለተወደደ ዓመቱ ሳይለወጥ መመታቱ ቀጠለ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ መቱት። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ የመምቻውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተረክቦ በሮማ ማስመታት ሲጀምር ፓሪስ፣ ለንደንና ብራስልስ የየራሳቸውን ማውጣት ያዙ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ፣ ከዚያም በርሚንግሃም ተጨመሩ። ቪየና ዛሬም እንደ መስታወት የሚያበራውን አዲሱን ለሰብሳቢ ትሸጣለች። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። በእጅ ያለው ብር የአድዋ ዘማች የያዘው ይሁን ወይም ከጠላት ወረራ በኋላ የተመታ፣ ከዓመቱ አይታወቅም።

ሻጮች ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት እያሳዩ «ይሄ ልዩ ነው» ይላሉ። ፊደላቱ ጉንትስቡርግ በሚባል ከተማ የነበረው የገንዘብ መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው፤ በተለመደው ጠገራ ሁሉ ላይ አሉ። አንድ ሳንቲም አይጨመርባቸውም።

የመጀመሪያዎቹን ከኋለኞቹ የሚለዩ ሰዎች አሉ። የሚለዩት ግን በንስሩ ላባ፣ በዕንቁዎቹ አሠራርና በፊደል ቅርጽ ስለሆነ፣ ያን ሳያጠኑ «ጥንታዊ ነው» በሚል ቃል ብቻ ተጨማሪ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ሒሳቡ

የብር ዋጋ በዓለም ገበያ የሚጠራው በትሮይ አውንስ፣ ማለትም በ31.1 ግራም ነው። ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ንጽሕናው 833 ከሺህ ስለሆነ የያዘው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ነው። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም፣ 835 ከሺህ፣ ንጹሕ ብሩ 23.44 ግራም። ሁለቱም ጋ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.75 ማባዛት ይበቃል። አውንሱ 40 ዶላር ቢሆን 30 ዶላር ነው። ከዚያ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር መመንዘር ነው፤ ባለፈው ወር የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ አትሂዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በኛ አገር የአንጥረኛው ወቄት ከጥንት ጀምሮ የአንድ ጠገራ ክብደት ነው፤ 28 ግራም ገደማ። ሻጩ የአውንሱን ዋጋ ከስልኩ አሳይቶ «ጠገራ አንድ ወቄት ነው፤ ወቄት ማለት አውንስ ነው» ሲል ግማሹ እውነት ስለሆነ ያሳምናል። ግን አውንሱ በ3 ግራም ይበልጣል፤ ጠገራውም ንጹሕ አይደለም። ከላይ ባለው ምሳሌ 30 ዶላር ለሚያወጣው 40 ትከፍላላችሁ፤ አሥር ከገዛችሁ 100 ዶላር ሄደ።

ለጠገራ ከብሩ ዋጋ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ለታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከብሩ ጋር አብሮ አይሸጥም። ስትሸጡት ገዢው የሚከፍላችሁ በሚዛን ነው።

የምኒልክ ብር ለምን ይሻላል

ከነዓመቱ ስለተመታ። ከንጉሡ ምስል ሥር ያለው የግዕዝ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ፲፰፻፹፯ ካለ 1887 ነው፤ በኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጅ 1894 እና 95 መሆኑ ነው። (በውጭ አገር ሽያጭ ይህን እንደ ፈረንጅ ዓመት አንብበው የሚጽፉ አሉ፤ አንዳንዴ ከዚያ ስሕተት ጥሩ ዋጋ ይገኛል።) ሙሉው ብር በ1887፣ በ1889፣ በ1892 እና በ1895 ዓመተ ምሕረት ይገኛል። የ1887ቱ በፓሪስ የተመታው 20,000 ብቻ ነው፤ ኋለኞቹ በመቶ ሺህ ይቆጠራሉ። ጠገራ ደግሞ በመቶ ሚሊዮን።

ሌላው ነገር፣ ሕዝቡ በጊዜው ጠገራውን ትቶ የምኒልክን መቀበል አሻፈረኝ ብሎ ነበር። ከዚያም ብዙው አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆነ። ስለዚህ ሳይበየድ፣ ሳይበሳ፣ ሳይፋቅ የተረፈ የምኒልክ ብር ከተመታው ቁጥር ይልቅ እጅግ ያነሰ ነው። ዋጋው የሚወጣው ከዚህ ነው።

ለጀማሪ የ1889ኙ ይበቃል። በእጅ ዝውውር ያለቀም ቢሆን፣ የዘውዱ ጌጥ ተለይቶ የአንበሳው ጎፈር ጠጉሩ ከታየ ጥሩ ነው። ስትመረምሩ መጀመሪያ የሚያልቁትን ከፍ ከፍ ያሉ ቦታዎች እዩ፦ የዘውዱ ጫፍ፣ ከጆሮው በላይ ያለው ጠጉር፣ የአንበሳው ፊትና ጎፈር። እነዚህ ልሙጥ ሆነው ሜዳው፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ባዶ ቦታ፣ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተወልውሏል ማለት ነው።

የ1887ቱን ከፈለጋችሁ ኤንጂሲ ወይም ፒሲጂኤስ የሚባሉት የውጭ ሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች አሽገው ደረጃ የሰጡትን ብቻ ግዙ፤ የማሸጊያውን ቁጥርም በድርጅቱ ገጽ አስገብታችሁ ፎቶውን አመሳክሩ፤ የሐሰት ማሸጊያም አለና። አንድ ቀላል መለያ ደግሞ አለ። የአንበሳው የተነሣ የፊት እግር በ1887ቱ እና ከ1889 ወዲህ ባሉት አንድ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ተለዋውጧል። የ1889ኙን የመጨረሻ ቁጥር ፍቆ ፯ ማድረግ የሚችል እጅ እንኳ እግሩን አይቀይረውም። የታወቀ የ1887 ፎቶ አጠገቡ ይዞ ማየት ነው።

ዋጋ ስትጠይቁ ሻጭ የለጠፈውን አትመልከቱ፤ በጨረታ የተሸጠበትን ተመልከቱ። በአንድ ገበያ ላይ ለወራት ሳይሸጥ የተቀመጠ ዋጋ፣ ዋጋ ሳይሆን ምኞት ነው።

ሐሰተኛው

ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። የሁለቱም ቅጂ ሞልቷል፤ በአዲስ አበባ ለጎብኚ ከሚሸጠው ጌጥ መካከል ተደባልቆም ይገኛል። ሲሸጥ «ቅጂ ነው» ከተባለ ነውር የለውም፤ ችግሩ ሦስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ይረሳል።

በመጀመሪያ ጠርዙን እዩ፤ ፊቱን ሳይሆን። በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያላቸው የላቲን ቃላት ከጌጥ ጋር ብቅ ብለው ይታያሉ። በምኒልክ ብር ጠርዝ ላይ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚል አለ። ብቅ ያለ የጠርዝ ጽሑፍ ለማውጣት የተከፋፈለ ቀለበት ያለው መምቻ ያስፈልጋል፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ይህን አጥርቶ አያወጣም። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ እንደ ሳንቲም ጥርስ ካለው ወይም መሐሉ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ከዞረበት፣ ድርድሩን እዚያው አቁሙ።

ቀጥሎ ክብደት። 0.01 ግራም የሚያነብ፣ ቢያንስ 200 ግራም የሚችል ሚዛን ግዙ፤ 20 ግራም ብቻ የምትችለው ትንሿ ለሚቀጥለው ሥራ አትሆንም። ሁለቱም ብሮች 28 ግራም ገደማ መሆን አለባቸው። ያለቀ ብር 27.5 ቢሆን አይደንቅም። ከ27.3 በታች ከሆነ ወይ ቅጂ ነው ወይ ተፍቋል፤ ከ28.3 በላይ ከሆነ ደግሞ ብየዳ አለበት ብላችሁ ፈልጉ።

ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ወፈር ያለ የናስ ቅጂ 28 ግራም ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ውኃ አምጡ። ግማሽ የሞላ የፕላስቲክ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። የሚታየው ቁጥር ለእውነተኛ ብር 2.75 አካባቢ ነው። ደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ 10.2 ይመጣል። መዳብና ኒኬል ድብልቅ ከሆነ ቁጥሩ 3.15፣ ናስ ከሆነ 3.3 ያሳያል፤ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ አያምታታም። ከብሩ ጋር የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ እውነተኛውን ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ ውኃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ።

ማግኔት ብዙ ሰው ይመካበታል። የሚይዘው ውስጡ ብረት ያለበትን ብቻ ነው። ናስም መዳብም በማግኔት አይሳቡም፤ «ማግኔት አልያዘውም» ማለት ብር ነው ማለት አይደለም። የወርቅ ቤት ኤክስሬይ መሣሪያም የሚያነበው ላዩን ነው፤ ወፈር አድርጎ በብር የተለበጠውን ንጹሕ ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። አሲድ እንንካው ካሏችሁ እምቢ በሉ፤ ጠባሳው አይለቅም።

ብየዳና እጥበት

እውነተኛ ሆኖ የተበላሸ ብር ከቅጂው ይልቅ ያታልላል። ጌጥ የነበረ ብር ላይ ማንጠልጠያው የተበየደው በአናቱ ነው። ማንጠልጠያው ሲነቀል እዚያ ቦታ ላይ ያለው የጠርዝ ጽሑፍ ይጠፋል ወይም ይፈዛል፤ ቀለሙም ከሌላው ይልቅ ነጣ ወይም ገረጣ ይላል። ብሩን ከአምፖል ሥር በሰያፍ ይዛችሁ አዙሩት። የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ በሁለቱም ፊት በተመሳሳይ ቦታ ላይ ክብ ጥላ ይተዋል፤ እዚያ ላይ ያለው ፊደል በእጅ የተቀረጸ ስለሆነ ከጎረቤቱ ፊደል ጋር አይመሳሰልም። እንዲህ ላለው ከጤነኛው ዋጋ ሲሶ በላይ አይከፈልም፤ ለጠገራ ከሆነማ የብሩ ዋጋ ብቻ።

በሎሚና በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ብር ያበራል፤ ለሰብሳቢ ግን ሞቷል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ሜዳው በአንድ አቅጣጫ በተጫሩ መስመሮች ተሞልቷል። ጥቁሩ ሽፋን ብሩ ከአየር ካገኘው ድኝ ጋር የሠራው ነውና ተዉት፤ የሰው እጅ ቅባት ካለ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ማውጣት ይበቃል፤ ሳታሹ። ለስላሳው የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚያወጣ በዚያ አታስቀምጡ።

ኪስ ለሳሳበት

አላድ የሚባለው የምኒልክ ግማሽ ብርና ሩቡም 835 ከሺህ ናቸው። አላዱ 14.04 ግራም (የአውንስ ዋጋ ሲባዛ በ0.377)፣ ሩቡ 7.02 ግራም (በ0.188)። ለስብስብ ገንዘባችሁ ከጠገራ ይልቅ እዚህ ላይ ቢውል ይሻላል፤ በተለይ ያልተበሳ አላድ ካገኛችሁ።

ከዚያ የሚረክሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 50 ሳንቲም ነው፤ 1936 (በኛ አቆጣጠር) የሚል፣ 7.03 ግራም። መጀመሪያ የተመታው 800 ከሺህ፣ ኋላ የመጣው 700 ከሺህ ነው፤ ዓመቱም መልኩም አንድ። አንዱን ብቻ በውኃ ብትለኩ 0.69 እና 0.70 ስለሚሆን አይለይም፤ አሥሩን አንድ ላይ ብትለኩ ግን 6.93 እና 7.04 ይሆናል፤ የተደባለቀ ከሆነ መሐል ላይ ይወድቃል። በጅምላ ስትገዙ በ700ው ሒሳብ ክፈሉ። አንድ ጥንቃቄ፦ የዚያን ዘመን 25 ሳንቲም መዳብ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ሰዉ ብር እየቀባ በ50 ሳንቲምነት ስላሳለፈው ተሰብስቦ ጠርዙ የተሸራረፈው ተተካ። ብር የተቀባው ክቡ ዛሬም ይገኛል። የሚገርመው፣ ያልተቀባው ክብ መዳብ ራሱ ለሰብሳቢ ተፈላጊ ነው።

ጣሊያኖቹ ለኤርትራ የመቷቸው ታለሮ የሚባሉ ብሮች (የንጉሣቸው የኡምቤርቶ 1891 እና 1896፣ 800 ከሺህ፤ ጠገራን የሚመስለው የ1918ቱ፣ 835) ቆንጆ ናቸው፤ የኡምቤርቶው ግን ብዙ ስለሚቀዳ በመጀመሪያ ግዢ አትሞክሩት። የአክሱም ብር የሚያቀርብላችሁ ካለ ጨርሶ አትንኩ፤ ከመሬት የወጣ ቅርስ ነው።

ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ወደ ውጭ ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አሮጌ ብር በቦሌ ፍተሻ ላይ ሊያዝ ስለሚችል፣ ከመብረራችሁ በፊት ብሩን ይዛችሁ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱና ጠይቁ። ሻጩ «ደረሰኝ ይበቃል» ቢላችሁ አትመኑት፤ ደረሰኝ የከፈላችሁትን እንጂ የማውጣት ፈቃድ እንዳላችሁ አያሳይም።